ከላይ ጣሪያ ያለበት ውኃ

አቶ መኩሪያ ሐናን ያገኟት ሳያስቡት ነው። ኦስሎ ከተማ፣ ሊንደሩድ ገበያ ማዕከል ገብተው የትከሻ ቅባት ገዝተው ሲወጡ፣ እሷ በሩ ላይ ቆማ ዝናቡ እስኪያባራ ትጠብቅ ነበር። ከተማሪያቸው ከአድነው ቀብር ወዲህ ስድስት ሳምንት ሙሉ ሲሸሿት ከርመዋል። ዛሬ መሸሻ አልነበረም።

አቶ መኩሪያ በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ጠላቂ ነበሩ። በስደት ኦስሎ ገብተው ሃያ ሁለት ዓመት የቢሮ ወለል ሲያጸዱ ኖሩ፤ ጡረታ ሲወጡም ጋምለ ኦስሎ በሚባለው ሰፈር ባለ አንድ ትንሽ ክለብ ውስጥ ለአበሻ ልጆች መጥለቅ ማስተማር ጀመሩ። እዚሁ ተወልዳ ያደገችው መሐንዲሷ ሐናና የሃያ አራት ዓመቱ አድነው የመጀመሪያ ተማሪዎቻቸው ነበሩ። አድነው ከከተማው በስተሰሜን ባለ፣ ውኃ በሞላው አሮጌ የማዕድን ዋሻ ውስጥ ሞተ። ሐና ከኋላው ነበረች።

«እንደምን ዋልሽ ልጄ?» አሉ፤ ዝም ማለት ነውር ስለሆነ።

«ደኅና ጋሽ መኩሪያ። ቅዳሜ ከልጆቹ ሳምሶንን ይዘው እዚያው ዋሻ ሊገቡ ነው የሚባለው እውነት ነው?»

«አዎ፣ እውነት ነው። ልጆቹ ፈርተዋል። ፍርሃት ሥር ሳይሰድ መንቀል ነው።»

«በዚያው ዘዴ?»

«ዘዴው ምን አደረገ? አድነው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ተሸበረ። የገደለው መሸበሩ ነው። ለእናቱም ይህንኑ ነግሬያታለሁ።»

ሐና ፊቷ ተለዋወጠ። «ኔይ፣ አይደለም ጋሽ መኩሪያ። ዕቃውን የመረመሩት ሰዎች ምን እንዳሉ አልሰሙም? ከጀርባው መንታ የአየር ሲሊንደሮች፣ ከማጅራቱ በስተግራ ያለው ቫልቭ ተዘግቶ ነው የተገኘው። አየር የሚስበው ደግሞ በእሱ ነበር።»

«ማን ዘጋው?»

«ጣሪያው። ሰው ጠባብ ቦታ ላይ ወደ ፊት ሲዋኝ የግራው ቫልቭ እጀታ ድንጋዩን እየታከከ ይዞራል፤ የሚዞረውም ወደ መዘጊያው ነው። ትርፍ መተንፈሻው እንዳስተማሩን ከጎኑ ተንጠልጥሎ ሲጎተት ነበር፤ ስናገኘው ጭቃ ጠጥቷል። የእኔን ይዤ እስክደርስለት ውኃው ደፍርሶ እጄን እንኳ ማየት አልቻልኩም።»

አቶ መኩሪያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ ምጽዋ ላይ አሥራ ሦስት ዓመት ጠልቄያለሁ። አንድ ቀን እጄን ወደ ማጅራቴ ሰድጄ አላውቅም። ሙያ በልብ ነው።»

«ምጽዋ ላይ ከራስዎ በላይ የነበረው ሰማይ ነው። አየር ቢቋረጥ ቀና ብለው ይወጡ ነበር። እዚያ ግን ከላይ ድንጋይ ነው።»

ልማድ ክፉ ጓደኛ ነው፤ አንድ ቦታ ያዳነውን ሰው ሌላ ቦታ ወስዶ ይጥለዋል። አቶ መኩሪያ ይህን ማየት አልፈለጉም። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም እንዲሉ፣ «ገና ትናንት ያስተማርኩሽ ልጅ ዛሬ ልታስተምሪኝ ነው?» አሉ።

በዚህ ጊዜ ሐናን አንቱታው ጠፋት። «አንተ ነህ ‹ቫልቩን ከፍታችሁ ግማሽ ዙር መልሱ› ያልከን! አንተ ነህ አደገኛ ነው ብዬ የነገርኩህን ስቀህ ያለፍከው!» ወዲያው አንገቷን ደፋች። «ይቅርታ ጋሽ መኩሪያ። ግማሽ ሰዓት ብቻ ይስጡኝ። ክለቡ ድረስ እንሂድ።»

ሊያሳፍሯት አስበው ተከተሏት።

ክለቡ ውስጥ ሐና ረጃጅም ጠረጴዛዎች ገጣጥማ ከሥራቸው እንደ ዋሻው ጣሪያ እንዲሆን ሻካራ ጣውላ አሰረች። መንታውን ሲሊንደር አሸከመቻቸው፤ መተንፈሻውን ከግራው ቫልቭ ጋር አያይዛ በአፋቸው አስያዘቻቸውና አፍንጫቸውን በመነጽሩ ሸፈነች። «በሆድዎ እየተሳቡ ይለፉ» አለች። አለፉ። ዞረው እንደገና ገቡ። በሦስተኛው ላይ፣ ከጠረጴዛዎቹ መሐል ሲደርሱ፣ አየሩ ከበደ። ሌላ ጊዜ ሳቡ፤ ምንም የለም።

እጃቸውን ወደ ኋላ ሰደዱ። ትከሻቸው አልታዘዝ አለ፤ ጣቶቻቸው ከጆሯቸው አላለፉም። መተንፈሻውን ቢተፉት በዙሪያቸው አየር ሞልቷል፤ ይህን ያውቃሉ። ግን ልባቸው ደረታቸውን ይደበድብ፣ እግራቸው ወለሉን ይራገጥ ጀመር። በመጨረሻ ተፍተውት እያለከለኩ ወጡ።

ሐና ከአጠገባቸው ተንበረከከች። «ተሸብረዋል እንዴ?» አለች በለሆሳስ፤ ስታፌዝ አልነበረም።

አቶ መኩሪያ መንታውን ሲሊንደር ከጀርባቸው አወረዱና፣ «ምን ማድረግ ነበረብን?» አሉ።

«ቫልቩን እስከ መጨረሻው መክፈት። ከጣሪያው መራቅ፤ ከነካን ደግሞ ወዲያው እጅ ሰድዶ መፈተሽ። ዋናውን መተንፈሻ በቀኙ ቫልቭ ላይ ማድረግ፤ የቀኙ ወደ ፊት ስንሄድ ቢታከክ ወደ መክፈቻው ነው የሚዞረው። ትርፉን በላስቲክ አገጭ ሥር ማንጠልጠል፤ ያኔ አይጎተትም፣ ሲፈልጉትም አይጠፋም።»

«ቫልቮቹን በብረት አጥር ብንከልላቸውስ?»

«ብረቱ የመመለሻ ገመዳችንን ሊያጠምደው ይችላል። እጅም አያስገባም። ጠባቂው እጃችን ነው ጋሽ መኩሪያ። እጁ ቫልቩ ጋ የማይደርስ ሰው ጣሪያ ሥር አይገባም።»

«እንግዲያው እኔ አልገባም» አሉ። የቅዳሜው ጉዞ በዚያው ቀረ።

በማግስቱ ፉሩሴት ሰፈር፣ የአድነው እናት ወይዘሮ እታለም ቤት ሄዱ። ወንበር ቢቀርብላቸውም አልተቀመጡም።

«እታለም፣ ልጅሽ ፈርቶ አይደለም የሞተው። አየሩ ተዘግቶበት ነው። ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ያስተማርኩት ስህተት ነበር።»

ወይዘሮ እታለም የልጃቸውን ፎቶ ከግድግዳው አወረዱ። «ስድስት ሳምንት ሙሉ ልጄን ስቆጣው ከረምኩ» አሉ። «ፎቶውን ይዤ፣ ለምን አልተረጋጋህም፣ ለምን ለእኔ ስትል ልብህን አልያዝክም እያልኩ። የሞተ ልጄን ተቆጣሁት ጋሽ መኩሪያ።»

ወይዘሮ እታለም በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠርገው ጠየቁ።

«አሁን የነገሩኝ ለሌሎቹ ልጆች ይጠቅማል?»

«ይጠቅማል። ይህን የተማረ ልጅ አየሩ ቢዘጋበት በራሱ እጅ ይከፍተዋል። ባይሆንለት ከአገጩ ሥር ሌላ አለው። ጓደኛውም ምን እንደሆነ ያውቃል።»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አሉ ወይዘሮ እታለም። «ያስተምሯቸው። እኔ ቤት ግን ተመልሰው አይምጡ።»

አስተማሩ። ክረምቱን ሙሉ በመዋኛ ገንዳ ውስጥ ልጆቹን ዓይን እያሸፈኑ ቫልቭ አስከፈቱ፣ አስዘጉ፤ እጁ ያልደረሰውን መለሱ፤ የተቆጣቸውን ወላጅ ታገሡ። በጸደይ ሐና ሳምሶንን ይዛ ሌላ ዋሻ ገባች፤ እሳቸው አፉ ላይ ቀሩ። ሲወጡ ሳምሶን ፊቱ በርቶ፣ «ጋሼ፣ የግራው ተዘጋብኝ! ጣሪያውን እንደነካሁ ፈተሽኩት፣ ወዲያው ከፈትኩት!» አለ።

ሐና አቀፈችው። ሳምሶን ገና ልብሱን ሳያወልቅ ስልኩን አውጥቶ ለእናቱ ደወለ። «እማዬ፣ እራት ላይ ትንሽ እዘገያለሁ፣ ጠብቂኝ» ሲላት አቶ መኩሪያ ሰሙ። ባዶውን ሲሊንደር አንሥተው ወደ መኪናው ሄዱ፤ እዚያም ማንም እንዳያያቸው ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ።