ለመስቀል የቀባነው ቢጫ ግድግዳ

በእኛ ጊዜ ቤት የሚያምረው በአፈር ነበር ልጆቼ፣ በአፈር። ሳቁ እንጂ! እናንተ ቀለሙን በቆርቆሮ ከጎንደር ታመጡታላችሁ፣ አበባውም የላስቲክ ነው፣ አይደርቅ አይሸት። ያኔ ግን ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ጉሙ ከገደሉ ተነሥቶ ፀሐይዋ ብቅ ስትል፣ ሴት ሁሉ ቅርጫቷን አዝላ ወደ አፈር ጉድጓድ ነው። ቀዩ አፈር ቅርብ ነበር፣ ከወንዙ ዳር። ቢጫው ግን ሩቅ ነው፣ ከኮሶዬ ወዲህ ገደሉ አፋፍ ላይ ጥልቅ ጉድጓድ ነበረው፣ እናቶቻችን እየማሱ እየማሱ ሰው የሚውጥ አድርገውታል። ያን ታመጫለሽ፣ ትወቅጫለሽ፣ ትነፊያለሽ፣ በውሃ ትበጠብጫለሽ፣ እና ግድግዳውን መጀመሪያ በጭድና በእበት መርገሽ፣ ሲደርቅልሽ ከታች ቀይ ከላይ ቢጫ። ምሰሶው ላይ የገብስ እሸት ታስሪያለሽ፣ ስፌትሽን ሁሉ ትሰቅያለሽ፣ አደዩን በየስንጥቁ ትሰኪያለሽ። ፀሐይ ቤት ገብታ የተቀመጠች ይመስላል። እኔ ታዲያ እንዲያ አድርጌ ቤቴን ያስጌጥሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ንገሪን ካላችሁ ልንገራችሁ፣ ግን የሚያስቅ አይደለም።

ባሌ አድማሱ ይባላል። የዚህ የልጄ አባት ነው። ጣልያን ከወጣ ብዙ ክረምት አልፏል፣ ዘመኑ የጃንሆይ ነው፣ እና ቆላ ሰቲት ላይ ጥጥና ሰሊጥ የሚያሳርሱ ሰዎች ተነሥተው ለአረም ሰው ይፈልጋሉ አሉ። የእኛ መሬት ደግሞ እንደምታዩት ነው፣ ግማሹ ድንጋይ ግማሹ ገደል። ታዲያ አድማሱ በሐምሌ ከጓደኛው ከቢያድግልኝ ጋር ተነሣ። እኔ ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ሆዴ ገፍቷል። በር ላይ ቆሞ፣ «የሺ፣ ለመስቀል እገባለሁ፣ ቤቱን ሸጋ አድርገሽ ጠብቂኝ፣ ልጁም ባማረ ቤት ይወለድ» አለኝ። እናቱ፣ እሜቴ ጥሩነሽ፣ አብረውን ነው የሚኖሩት፣ ሌላ ወንድ ልጅ የላቸውም። እሳቸውም ግንባሩን ስመው፣ «ንዳዱን ተጠንቀቅ፣ ውሃ ዳር አትደር» አሉት። እኛ ደገኞች ከቆላ የምንፈራው ንዳድን ነው፣ እናንተ ወባ የምትሉትን።

እና ፍልሰታ ሲፈታ ቢያድግልኝ ብቻውን መጣ። ፊቱ የአመድ መልክ ይዟል፣ ዓይኑ ገብቷል። «አድማሱስ?» አልሁት ከበር ሳይገባ። ያ ሰው ታዲያ ምን ቢል ጥሩ ነው፣ ጣራ ጣራውን እያየ፣ «እ… እሱማ ደህና ነው… ሥራው በዝቶ ነው እንጂ… አሠሪው ወዶት አለቅህም ብሎት ነው… ይመጣል፣ ይመጣል» አለ። «ምነው ቢያድግልኝ፣ ጣራው ያፈሳል እንዴ?» አልሁት። ፊቱን አዞረና ሳል ያዘው። እኔ ሞኟ ሰው ያፈረ መሰለኝ፣ ጓደኛውን ጥሎ ቀድሞ በመምጣቱ።

ለእሜቴ ግን አስቀድሞ ነግሯቸው ኖሯል። ለእሳቸው፣ ለአገሩ ሽማግሌ ለአያ ተሰማ፣ ለንስሐ አባታችን። አድማሱን ንዳዱ ገድሎት እዚያው ሰቲት ቀብረውታል። አገሩ ሁሉ አውቋል፣ እኔ ብቻ ነኝ ያላወቅሁ። «ነፍሰ ጡር ናት፣ ድንጋጤው ከነልጇ ይገድላታል፣ ወልዳ፣ ልጁ ክርስትና ሲነሣ መርዶው ይነገራት» ብለው ተማማሉ። ይህን ያሉት ደግሞ እሜቴ ራሳቸው ናቸው። የአንድ ልጃቸውን መርዶ ሰምተው፣ ሳይጮሁ፣ ነጠላቸውን ሳያዘቀዝቁ፣ ወደ ቤት ገብተው «የሺ፣ እህል ቀመስሽ?» አሉኝ።

እኔ ታዲያ ምን ላድርግ፣ አዲስ ዓመት ሲገባ፣ «እሜቴ፣ አድማሱ ለመስቀል ይገባል፣ ቤቱን እንመርገው፣ ቢጫ እናምጣ» አልሁ። ነጠላቸውን አጣፉና፣ «እናምጣ» አሉ። እምቢ ቢሉ እጠረጥራለኋ! እና ተያያዝነው። ጎረቤቱ ሁሉ ይመጣል። በምንጭ ተራ ተጣልተን ለዓመት የተኳረፍን ብርቄ የምትባል ጎረቤት ነበረችኝ፣ እሷ እንኳ ጭድ ተሸክማ መጣች። «ምነው ብርቄ፣ ታረቅን እንዴ?» ስላት፣ «ተይ እባክሽ፣ ለመስቀል ኩርፊያ ምንድር ነው» አለችና ጭቃውን ረገጠችልኝ። ደግነታቸው በዛብኝ እኮ! ሰው ሁሉ ሲያየኝ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። እኔ ስለ እርግዝናዬ ነው ያልሁ።

ቢጫውን ልናመጣ የሄድነው ሁለታችን ነን፣ እሜቴና እኔ። ጉድጓዱ አፋፍ ስንደርስ፣ «አንቺ ከላይ ሁኚ፣ ከብደሻል፣ እኔ እወርዳለሁ» አሉ። «እሜቴ፣ እርስዎ አርጅተዋል እኮ፣ እኔ ልውረድ» ብል፣ «ተቀመጪ አልሁሽ!» ብለው ተቆጡ። ተቆጥተውኝ አያውቁም ነበር። ወረዱ። ቅርጫቱን በገመድ እሰድላቸዋለሁ፣ ሞልተው ገመዱን ሲነቀንቁ ቀስ አድርጌ እስባለሁ፣ እደፋና እመልሳለሁ። ታዲያ አንድ ጊዜ ገመዱ ቆየብኝ። ምን ሆኑ ብዬ ጠጋ አልሁ፣ በሆዴ ምክንያት ማጎንበስ ስለማልችል በጎኔ ተኛሁና ጆሮዬን ወደ ጉድጓዱ ሰጠሁ። ድምፅ ይሰማኛል። መጀመሪያ የሚዘፍኑ መሰለኝ። ኋላ ስሰማ፣ በታፈነ ድምፅ፣ እንዲህ ነው የሚሉት፦

«አንተን የከደነህ የቆላው አፈር ነው፣
እኔ የምምሰው ለማን ቤት ብዬ ነው።»

እየደጋገሙ። «አድማሴ፣ አድማሴ» ይላሉ፣ ደግሞ ይቆፍራሉ፣ ደግሞ ያለቅሳሉ። ለካ ጉድጓዱን የወደዱት ለዚህ ነው! ቤት አያለቅሱ እኔ አለሁ፣ ደጅ አያለቅሱ ሰው ለእኔ ይነግረኛል፣ ማልቀሻ ያገኙት መሬት ውስጥ ነው።

ልጁ በሆዴ ውስጥ ተገላበጠ። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ገደሉ ሁሉ አደይ ነው፣ እና እኔ በጎኔ ተኝቼ ያን እያየሁ ነው ባሌ መሞቱን ያወቅሁት።

ገመዱ ተነቃነቀ። ሳብሁ። እሳቸውም ወጡ፣ ፊታቸውን ሁሉ ቢጫ አፈር ለቅልቀውታል፣ ከዓይናቸው በቀር የሚታይ የለም። «ምነው እሜቴ፣ ዓይንዎ ቀላ?» አልሁ። አፌ ራሱ ነው ያለው፣ እኔ አይደለሁም። «አፈር ገባበት» አሉ። «ልንፋልዎ?» አልሁ። «ተይው፣ ይወጣል» አሉ። ቅርጫቱን ተሸክመን ወደ ቤታችን መጣን።

«ምነው ያኔ አልጮህሽም?» ትሉኝ ይሆናል። ይህን ያልጠየቀኝ የለም። እሳቸው ያን ሁሉ ያፈኑት ለእኔ ነው፣ እኔ ከጮህሁ ልፋታቸው ሁሉ ገደል ገባ ብዬ አሰብሁ። ባልቴት ናቸው፣ የያዛቸው ይኸው እኔን መጠበቁ ነው፣ ይህን ከወሰድሁባቸው ይወድቃሉ አልሁ። ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ማንም እስካልነገረኝ ድረስ ገና አልሞተም የሚልም በሆዴ ነበረ።

እና ቀባነው። እሳቸው በዚያ ግድግዳ፣ እኔ በዚህ ግድግዳ። ቢጫው እየደረቀ ሲሄድ ይደምቃል፣ ቤቱ በራ። አንዴ ዞር አሉና፣ «አድማሱ ሲመጣ፣ ይኼ የማን ቤት ነው ብሎ እንዳይመለስ ብቻ» አሉኝ። ሊያጫውቱኝ ነው። እኔም ሳቅሁ። ልጆቼ፣ ሳቅሁ! እሳቸውም ሳቁ። ሁለታችንም ግድግዳ ግድግዳውን እያየን ሳቅን። ምሰሶው ላይ የገብሱን እሸት አሰርሁ፣ ስፌቴን ሰቀልሁ፣ አደዩን ሰካካሁ። ብርቄ ገብታ አየችና፣ «እሰይ፣ የሙሽራ ቤት!» ብላ ሳትጨርስ አፏን ይዛ ወጣች።

መስቀል አለፈ። ደመራው ነደደ፣ አድማሱ አልመጣም፣ ማንም ለምን አልመጣም አላለ፣ እኔም አላልሁ። ከዚያ ምጥ ያዘኝ፣ ይህን ልጅ ወለድሁ። አራስ ሆኜ የተኛሁት እዚያው ቢጫ ግድግዳ ሥር ነው። አደዩ ደርቆ እላዬ ላይ ይረግፋል። እሜቴ ገንፎ ያገነፉልኛል፣ ቅቤ ይቀቡኛል፣ «አባቱን መሰለ» ይላሉ፣ እኔም «መሰለ» እላለሁ። ይኸው ነበር ኑሯችን።

ልጁ ክርስትና በተነሣ ማግሥት፣ ጎሕ ሲቀድ፣ በሩ ተንኳኳ። አያ ተሰማ ከፊት፣ የንስሐ አባታችን መስቀላቸውን ይዘው ከጎን፣ ወንዶቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከኋላ። አያ ተሰማ ጉሮሯቸውን ጠራረጉና፣ «ልጄ የሺ፣ እግዜር የሰጠውን እግዜር ይወስዳል፣ አድማሱ…» ሲሉ፣

«አውቃለሁ አያ ተሰማ» አልሁ።

«ምኑን ልጄ?»

«መሞቱን።»

ሴቶቹ ሊጮሁ አየር ስበው ነበር፣ እንደሳቡ ቀሩ። እሜቴ ከመደቡ ተነሡ።

«ከመቼ?» አሉኝ።

«ከጉድጓዱ።»

«ሰማሽኝ?»

«ሰማሁዎት።»

«ሰምተሽ ቢጫውን ቀባሽ? ሰምተሽ እሸት ሰቀልሽ? ስቀሽልኛል እኮ! ልጄ አፈር ለብሶ አንቺ ስቀሽልኛል!»

«እርስዎም ስቀዋል እሜቴ» አልሁ።

«እኔ የሳቅሁት ያንቺን ነፍስ ብዬ ነው! የዚህን ሕፃን ነፍስ ብዬ ነው! አንቺስ ለማን ብለሽ?»

«ለእርስዎ ብዬ።»

እነሆ ይህችን ቃል ነው ያልቻሏት። ማጭዱን ከግድግዳው ነቀሉ። ሰው የደነገጠው እኔን የሚመቱኝ መስሎት ነው። እሳቸው ግን ግድግዳውን ይፍቁት ገቡ፣ ቢጫውን፣ ከላይ እስከ ታች፣ እየጮሁ፣ አሁን ነው የጮሁት፣ ያን ሁሉ ጊዜ ያፈኑትን። አቧራው ልጁ ላይ እንዳይወርድበት አቅፌው ወጣሁ። ሴቶቹም ከእሳቸው ጋር ጮሁ። እኔ ደጅ ቆሜ ላልቅስ ብል አልወጣልኝም፣ ተጨርሷል፣ ውስጥ ለውስጥ አልቋል።

ሰው ምን ይላል? ሰውማ መርዶ የደበቀን አይነቅፍም፣ ወጉ ነው። መርዶ አውቃ ያልጮኸችን ሚስት ነው የሚነቅፈው። ከዚያ ወዲያ በየለቅሶው እንዲህ ብለው አወጡልኝ፦

«ጌታዋ ቆላ ላይ አፈር ለብሶ ሳለ፣
ቤቷ ቢጫ ለብሶ እንደ አደይ ዋለ።»

ማን እንዳወጣው አላውቅም፣ ግን ውሃ ስቀዳ ከኋላዬ ይሉታል።

እሜቴስ? የትም አልሄዱ። የት ይሄዳሉ? እዚያው አንድ ቤት፣ አንድ እሳት፣ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜን አልጠሩም። ልጁ አፍ እስኪፈታ ለምሰሶው ይናገሩ ነበር፣ ልጁ አፍ ሲፈታ ደግሞ በእሱ ነው። «ለእናትህ ንገራት፣ ጨው አልቋል።» «ለእናትህ ንገራት፣ ላሚቱ አልገባችም።» እኔ እዚያው ፊታቸው ተቀምጬ! ክረምቱ ወጥቶ ቤቱን ልመርግ ስል፣ «ለእናትህ ንገራት፣ በእበት ትለቅልቀው፣ ቢጫ እዚህ ቤት እንዳይገባ» አሉ። አላስገባሁም።

የንስሐ አባታችን ሊያስታርቁን መጥተው ነበር። «ጥሩነሽ፣ ይህች ልጅ ምን በደለችሽ? አንቺም ደበቅሽ፣ እሷም ደበቀች» ቢሏቸው፣ ምን አሉ መሰላችሁ? «አባ፣ እኔ ልጄን ያላለቀስሁለት እሷን ብዬ ነው። የሰማች ዕለት ብትጮህ እኔም እጮህለት ነበር፣ ሙሾ አስወርድለት ነበር፣ ደረቴን እመታለት ነበር። ኀዘኔ ሳይበርድ በወጉ እሸኘው ነበር። እሷ ግን ገመዱን ስባ ዝም አለች። በከንቱ ታፈንሁ አባ፣ በከንቱ» አሉ። አባም መስቀላቸውን አሳልመውን ወጡ።

እንዲያ እንዳለን ሞቱ። ሲሞቱ እንኳ፣ «ለእናትህ ንገራት፣ መገነዣው ከሙዳዩ ውስጥ አለ» ብለው ነው። ታዲያ የዚያን ቀን ጮህሁ! ምን ጩኸት ብቻ፣ ሦስት ሴት ይዞኝ አልቻለኝም። ሰውም፣ «ኧረ ተመልከቱ፣ ለባሏ ያላለቀሰች ለአማቷ እንዲህ ትሆናለች» ይላል። እኔ የሁለቱን ነው የማለቅሰው፣ ማን ያውቅልኛል?

(የልጃቸው ሚስት ከጓዳ፦ «እማማ፣ እኔ ብሆን እዚያው ጉድጓዱ አፋፍ ላይ እጮህ ነበር።»)

ሰማችኋት? እጮህ ነበር ትላለች! (እማማ የሺ ይስቃሉ።) አንቺማ ዶሮ ሲጠፋብሽም አገር ትጠሪያለሽ! (ይስቃሉ።) ጩኺ ልጄ፣ ጩኺ። እኔ እንዳየሁት የጮኸችን ማንም አልጠላትም።