ሽማግሌ በስፖርት መኪና

አዳማ፣ እሁድ ረፋድ ላይ፤ ከአሰላ ለሽምግልና የተጠሩት ጋሽ ደምሰው ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ የእህታቸው ልጅ ናሁሰናይ ሊያደርሳቸው ባቀረበው ቀይ የስፖርት መኪና በር ፊት አልገባም ብለው ቆመዋል።

ጋሽ ደምሰው፦ አልገባም ብያለሁ አልገባም! በዚህ ዕድሜዬ መሬት ለመሬት ልጎተት?

ናሁሰናይ፦ መጀመሪያ ወገብዎን ያስገቡ ጋሼ፤ እግርዎ ራሱ ይከተላል።

ጋሽ ደምሰው፦ መግባቱስ ይሁን፤ መውጣቱን ንገረኝ። የሰው ልጅ ሊለምን የሄደ ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚናገረው። እኔ በደጃቸው በአራት እግሬ እየዳህኩ ልድረስ?

ናሁሰናይ፦ እጅዎን ይዤ አነሳዎታለሁ።

ጋሽ ደምሰው፦ ሙሽራው ራሱ ሽማግሌውን እየጎተተ! የት አገር ያየኸው ነው?

ናሁሰናይ፦ ኧረ ሰዓቱ ሄደ! ሌሎቹ ሽማግሌዎች፣ መምሬ አስራትና አቶ ቱፋ፣ እነሕሊና ሰፈር ቆመው ፀሐይ እየጠበሳቸው ነው።

ጋሽ ደምሰው፦ ይዘሃቸው አትመጣም ነበር?

ናሁሰናይ፦ መቀመጫው… ሁለት ብቻ ነው።

ጋሽ ደምሰው፦ ሽማግሌ ሦስት፣ መኪና ለሁለት! ነገ ብትወልድስ ልጅህን የት ልታደርገው ነው?

ናሁሰናይ፦ ከፊት ኮፈኖው ውስጥ የዕቃ ቦታ አለ፤ ሞተሩ ከኋላ ነው።

ጋሽ ደምሰው፦ በል መምሬን እዚያ ጫናቸው! ተወኝ አንተ፣ ታክሲ ጥራልኝ።

ናሁሰናይ፦ በታክሲ ከሄዱማ ያው እንደ ማንም ነን። ሕሊናን የሚፈልገው የነጋዴው ልጅ ሽማግሌዎች ለማክሰኞ ቀጠሮ ይዘዋል እኮ! ዛሬ አባቷ እምቢ ካሉ ሕሊናን አጣኋት ማለት ነው። እስኪ ጉድለቱን ብቻ አይዩብኝ። ፍሬን ሲይዙ ባለበት ቀጥ ነው። መንገድ ሲይዝ መዥገር በሉት። መሪው በአንድ ጣት ይታዘዛል። ነዳጅ ረገጥ ሳደርገው ደግሞ፣ ጀርባዬ ከወንበሩ ሲጣበቅ… እውነቴን ነው ጋሼ፣ ልቤ የሚረጋው ያኔ ብቻ ነው።

ጋሽ ደምሰው፦ ስትሮጥ ነው የሚረጋልህ?

ናሁሰናይ፦ ምን ላድርግ፣ አንድ ቦታ ስቆም ያቅበጠብጠኛል።

ጋሽ ደምሰው፦ ድሮም እንዲሁ ነህ። እህቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ይሄ ልጅ ተቀምጦ ምሳውን አይጨርስም» እያለች ስታማርር ነው የኖረችው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ትዳርም ከዚህ አይወጣም። እዚያ ገብቼ «ልጃችን ጭምት ነው፣ የረጋ ነው» ልል ነው። ይሄ ማርሚታ ውጭ እያጓራ ማን ያምነኛል? አፌን ሳልከፍት ቀጣፊ ልታደርገኝ ነው።

ናሁሰናይ፦ እንዲያውም የሚያስወድደኝ ይሄ ነው! አባቷ አቶ ሽብሩ ሾፌር ናቸው፤ የመኪና ነገር ይገባቸዋል። ገና ድምፁን ሲሰሙ ነው የሚያውቁት።

ጋሽ ደምሰው፦ ሾፌር ናቸው? ምንድን ነው የሚነዱት፣ የጭነት?

ናሁሰናይ፦ አምቡላንስ።

ጋሽ ደምሰው፦ ምን አልክ?

ናሁሰናይ፦ አምቡላንስ ነዋ። የፍጥነት መንገዱ ሥራ ከጀመረ ወዲህ እዚያው ላይ ነው የሚውሉት። ስለ ፍጥነት ከሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም።

ጋሽ ደምሰው፦ አይ ናሁ! ፍጥነት ሰውን ምን እንደሚያደርግ ነው የሚያውቁት።

ናሁሰናይ፦ እኔ እንኳ… እንደዚያ አላሰብኩትም። ግን ሕሊናም ምንም አላለችኝ።

ጋሽ ደምሰው፦ ተሳፍራበታለች?

ናሁሰናይ፦ አንዴ። በፍጥነት መንገዱ እስከ ሞጆ ደርሰን ተመለስን።

ጋሽ ደምሰው፦ ወደደችው?

ናሁሰናይ፦ የበሩን እጀታ ጨምድዳ ይዛ፣ አንድ ነገር ብቻ ነው ከአፏ የወጣው፤ «ዛሬ አባዬ ተረኛ ነው» አለችኝ።

ጋሽ ደምሰው፦ አንተስ ምን አልካት?

ናሁሰናይ፦ አብረን እንዳያዩን የፈራች መስሎኝ «አታስቢ፣ በዚህ ፍጥነት ማንም አይለየንም» አልኳት።

ጋሽ ደምሰው፦ የኔ ልጅ፣ እሷ የፈራችው አባቷ እንዳያዩዋት አይደለም። ከአስፋልት ላይ እንዳያነሷት ነው።

ናሁሰናይ፦ እኔ ደግሞ ሳቄ መጥቶ… ጭራሽ ጨመርኩበት። ምን ዓይነት ሰው ነኝ ጋሼ?

ጋሽ ደምሰው፦ በል ቁልፉን አምጣ።

ናሁሰናይ፦ ምን ሊያደርጉት? እርስዎ አይነዱት።

ጋሽ ደምሰው፦ በአባቷ እጅ አስቀምጬው ልቆም። ከዚያ ወዲያ «ልጅዎን ለልጃችን» ለማለት አፍ ይኖረኛል።

ናሁሰናይ፦ …ሌላ ልግዛ፣ ወይም እሷን ይዤ ቀስ ብዬ ልንዳ ብልስ?

ጋሽ ደምሰው፦ እሱን ለኔ አትንገረኝ። ትሰጠኛለህ ወይስ ወደ አሰላዬ ልመለስ?

ናሁሰናይ፦ ይኸው፣ ይያዙት… ቆይ፣ እንዳይሄዱ ጋሼ፤ ሁለተኛው ቁልፍ እቤት ነው፣ እሱንም ላምጣልዎ።