የዴቭ ሸክላ በሁዳዴ

«ጾሙ የአንቺ ነው፤ ላልጾመ ሰው ስታቀርቢ ፊትሽን አታጥቁሪ» ትለኝ ነበር እናቴ፣ ልጅ ሳለሁ። ይህ ቃል በንዴት ትዝ ያለኝ ሲያትል አጠገብ ባለችው ቡሪየን ከተማ፣ በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ነው። ዴቭ የሚባሉ ሽማግሌ አሉን። ያለ ሸክላቸው አይበሉም። የሮክ አልበም ነው። የሙዚቃ ባንዱን ማንም ሳያውቀው እዚሁ ሲያትል፣ አንዲት ጠባብ መጠጥ ቤት ውስጥ አይተውታል፤ ዓለም ጉድ ያለው በዚህ አልበም መሆኑን አንደበታቸው ሳይያዝ ነግረውኛል። አሁን አፋቸውን የሚከፍቱት ጊታሩ ሲጮህ ብቻ ነው።

ሁዳዴ ሲገባ የቤቱ ባለቤት እትዬ አልማዝ የሸክላ ማጫወቻውን ወስደው መኝታ ቤታቸው ቆለፉበት። «በጾም፣ በቤቴ ዘፈን አይሰማም!» ሽማግሌው ሁለት ቀን ሙሉ ማንኪያ ሲያዩ ጥርሳቸውን ነከሱ።

«እትዬ፣ ሰውየው እኮ እየከሱ ነው» አልኳቸው።

«ሲርባቸው ይበላሉ። ደግሞ አንቺ ከመቼ ወዲህ ነው ዶክተር የሆንሽው? ከስምንተኛ ክፍል አቋርጠሽ አይደል የመጣሽው?»

ደሜ ፈላ። ሰው ፊት ቃል የማይወጣኝ ሴት፣ «እርስዎ ይጹሙ! እሳቸውን ለምን ያስርባሉ?» ብዬ ጮህኩ።

«ኦኬ፣ ካልተስማማሽ ሌላ ሥራ ፈልጊ!»

ሕፃን ልጄ ፊቴ ላይ ድቅን አለች። ቢሆንም ሾርባውን አሞቅኩና አልበሙን ስልኬ ላይ ፈልጌ ትራሳቸው አጠገብ አስቀመጥኩት። ጊታሩ ሲጀምር ዴቭ አፋቸውን ከፈቱ። እኔም ተነስቼ፣ እትዬ አልማዝ ሳሎን ሆነው በደንብ እንዲሰሙት፣ የክፍሉን በር ወለል አድርጌ ከፈትኩት።