ያልጮኸው ቧንቧ

«ኧረ የሰው ያለህ! ጋሼ ወደቁ!»

የጤና ጣቢያው የውኃ ሞተር ሠራተኛ ተንበርክከው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጆሯቸውን ብረቱ ላይ ለጥፈው ሞተሩን ሲያዳምጡ ነበር። ጩኸቱን ሲሰሙ ብድግ ከማለታቸው ጭንቅላታቸው ከቧንቧው ጋር ተጋጨ።

«ማነው የወደቀው?» አሉ ግንባራቸውን እያሹ።

በሩ ላይ የወንድማቸው ልጅ ቆማለች። እዚያው ጤና ጣቢያ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ውኃው ለምን እንደጠፋ ልትጠይቅ መጥታ ነው። ድምፅዋ ከአጠገቧ ለተቀመጠ እንኳ የማይሰማ ዝምተኛ ልጅ ናት፤ አሁን ግን ጩኸቷ ግቢውን አናግቶታል።

«ደም ግፊቱ የጣለዎት መስሎኝ እኮ ነው!»

«እሱማ ከተወኝ ቆየ!» ከደረት ኪሳቸው የክኒን ማሸጊያ መዘው እንደ ሜዳሊያ አሳዩአት። «ሦስት ሳምንት ሙሉ አራት ብቻ ነው የዋጥኩት። ራሴን ሲያመኝ ብቻ!»

«ጋሼ፣ ይህ እኮ በየቀኑ የሚወሰድ ነው።»

«ሳያመኝ? እሳት በሌለበት ውኃ ልርጭ? ደግሞ ሰውነቴ ለምዶት የጭንቅ ቀን እምቢ ቢለኝስ?»

«አይለምደውም። አባዬም እንደ እርስዎ ነበር የሚሉት። ዛሬ ጠዋት ሸሚዛቸውን የቆለፍኩላቸው እኔ ነኝ፤ ግፊቱ ስትሮክ ካመጣባቸው ወዲህ ቀኝ እጃቸው አይታዘዛቸውም።»

ሽማግሌው አቀረቀሩ። ሆኖም እልህ ቶሎ አይለቅም። «እሱ የተጻፈለት ነው» አሉ።

«ይህ ቧንቧስ ሊፈነዳ ሲል ይጮኻል?»

«ምን ይጮኻል! ዝም እንዳለ ነው የሚሰነጠቀው። ጆሮ ለሞተር ነው፤ ለግፊት መለኪያውን ማየት ነው። መለኪያ አይዋሽም!»

«እንግዲያው ይነሡ!»

እጃቸውን ይዛ ግቢውን አሻገረቻቸው። መድኃኒት ቤት አስቀምጣ፣ ትንሽ አሳርፋ ለካቻቸው። መቶ ሰባ አምስት በመቶ አምስት።

«መሣሪያሽ ተበላሽቷል!»

በሌላው ክንዳቸው ደገመች። ያው ነው።

«ራስዎን ያመዎታል?»

«ኧረ በፍጹም! እንደ ጎረምሳ ነኝ እኮ...» ድንገት አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «አንቺ ልጅ! ዝም እንዳለ እየተሰነጠቀ ነው በይኛ!»

ሰው የሌላውን ምክር ሲሰማ ይከራከራል፤ የራሱን ቃል መልሶ ሲሰማ ግን የሚሸሽበት የለውም።

«ክኒኑ የራስ ምታት ማስታገሻ አይደለም፤ የልብ፣ የኩላሊትና የአንጎል ዘበኛ ነው» አለች። «ዘበኛ ሌባ ሲገባ ብቻ አይቀጠርም። ደህና ነኝ ብለው አያቋርጡ፤ ካልተስማማዎት ለሐኪሙ ይንገሩ። አንድ ቀን ቢረሱ በማግስቱ ሁለት ደርበው አይዋጡ። አሁኑኑ ደግሞ ሐኪሙ ይይዎት።»

«መርሳቱማ አይቀርልኝም!»

«መለኪያውን መመዝገብ ረስተው ያውቃሉ?»

«እኔ? በሃያ ስድስት ዓመት አንድ ቀን እንኳ ረስቼ አላውቅም!»

«ክኒኑን ከመዝገቡ ጋር ያስቀምጡታ።»

«እንዴት ያለ ብልሃት ነው!» ብለው ከወንበራቸው ዘለው ተነሡ። ሐኪሙ ክፍል እስኪደርሱ ያገኙትን ሁሉ «ተለክተሃል? ተለክተሻል?» እያሉ አፋጠጡ።

«ጋሼ፣ ውኃውስ?» አለች ከኋላ።

«ይጠብቅ! መጀመሪያ የእኔ ቧንቧ!»

ከሐኪሙ ሲመለሱ ሞተሩን ጠገኑ። በማግስቱ ጠዋት የሞተሩን ግፊት መዝግበው፣ ከሥሩ «ክኒን ተውጧል» ብለው ጻፉ። በየቀኑም ጻፉ። በወሩ ሲለኩ መቶ ሠላሳ በሰማንያ ሆነ። ያን ዕለት ወንድማቸው ቤት ሄደው ሸሚዙን በገዛ እጃቸው ቆለፉለት።