ፀሐይ ፈንጣጣ ወጣባት የተባለ ሰሞን

ሐጂ ዐብዲራሕማን በዚህ ዓመት አረፉ። አከራዬ ነበሩ፤ ባሌ ነጋ የሞተ ጊዜ ደግሞ አባት ሆኑኝ። ለቀስተኛ ሲመጣ ስለ ደግነታቸው እናወራለን። እኔ ግን አሁን የምጽፈው በጣም ስለፈራሁበት አንድ ቀን ነው። ሰው ካረጀ በኋላ ሐሳቡን አይለውጥም የሚል ካለ ያንብበው።

ግንቦት 2016 ነበር። ድሬ ውስጥ ታይዋን ከሚባለው ገበያ ወፍራም ጥቁር ጨርቅ ገዝቼ ስወጣ፣ የሐጂ የልጅ ልጅ ሉብና ከባጃጅ ስትወርድ ተገጣጠምን። ሉብና ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ትማራለች፤ የምትኖረውም እዚያው ስለሆነ ሰፈራችን መጋላ ከመጣች ሰነባብታ ነበር።

«እትዬ የሺአረግ፣ በዚህ ሙቀት ብርድ ልብስ ሊሰፉ ነው?» ብላ ሳቀች።

«አያትሽ ናቸው ያዘዙኝ። ፀሐይ ፈንጣጣ ወጣባት ተብሏል፤ የፊልሳንን መስኮት ልሸፍን ነው።»

ሳቋ ቆመ። ፊልሳን የሐጂ ምራት፣ የአጎቷ የሙስአብ ሚስት ናት። ሙስአብ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ያን ጊዜ ጅቡቲ ነበር።

«ፊልሳን እርጉዝ አይደለችም እንዴ?»

«ወሯ ገብቷል። ይኸው ስንት ቀኗ ከክፍሏ ከወጣች።»

ሉብና የወረደችበትን ባጃጅ መልሳ ጠራችው።

በዚያ ሰሞን የሩቅ አገር ሰማይ ደም መስሎ፣ አረንጓዴም ሆኖ የሚያሳይ ቪዲዮ በየስልኩ ይዞር ነበር። አብሮት ጥቁር ነጠብጣብ ያለባት የፀሐይ ፎቶና አንድ የድምፅ መልእክት አለ። ፀሐይ ታማለች፤ ከፊቷ መርዝ ይወርዳል፤ እርጉዝና ሕፃን ከቤት አይውጣ፤ ስንጥቅ ሁሉ ይደፈን፤ ፀሐይ ያየው ውሃ አይጠጣ ይላል። ማን እንደተናገረው አይታወቅም። እውነቱን ለመናገር እኔም ፈርቼ ነበር። መጋላ ስንደርስ በቀትር መንገዱ ጭር ብሏል። የልጅ ድምፅ የለም። ሱቁ ተዘግቷል። የሚሰማው የቆርቆሮ ጣሪያ በሙቀት ሲንጣጣ ብቻ ነው።

ሐጂ የፊልሳን በር ላይ ሰሌን ዘርግተው፣ መቁጠሪያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ጨርቁ እስኪመጣ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ በምስማር ተመቷል።

«ግቢ፣ ግቢ ልጄ! ፀሐይ ላይ አትቁሚ!» አሉ ሉብናን ሲያዩ። «የሺ፣ ጨርቁን አመጣሽ?»

«አባባ፣ ፊልሳንን ለምን ዘጉባት?» አለች ሉብና።

«እኔ ፈንጣጣን በዓይኔ ያየሁ ሰው ነኝ። ወንድሜን ወስዶብኛል። የወጣበት ሰው ጨለማ ቤት ይተኛል፤ ፀሐይ አያይም፣ ነፋስ አያገኘውም፤ አለዚያ ምች ይመታዋል። ይኸው ፎቶዋን እዪው! ፊቷን ሞልቷታል። ሰው ሲታመም ከፀሐይ እንደብቀዋለን። ፀሐይ ራሷ ስትታመምስ? ያኔ የምንደበቀው እኛ ነና!»

ነገሩ ሲሰማ እውነት ይመስላል። ምችን እየፈራ ያላደገ ማን አለ? ሉብናም አላሾፈችም። ጫማዋን አውልቃ ሰሌኑ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ነጠብጣቡ ውሸት ነው አልልዎትም አባባ። አለ። ግን በሽታ አይደለም። ፀሐይ እንደሚፈላ ድስት ናት፤ ሙቀቱ ከውስጥ ወደ ላይ ይገነፍላል። አንዳንድ ቦታ ላይ ብርቱ የማግኔት ኃይል ያንን ሙቀት ያግደዋል። የታገደው ቦታ ከዙሪያው ቀዝቀዝ ስለሚል ጠቆር ብሎ ይታያል። በየአሥራ አንድ ዓመቱ ገደማ ይበዛል፣ መልሶ ይቀንሳል። እርስዎ ከተወለዱ ወዲህ ስንቴ በዝቶ ስንቴ ቀንሷል! በአባትዎም ጊዜ ነበር፤ ስልክ ስላልነበራቸው ማንም አልላከላቸውም እንጂ።»

«ሰማዩስ? ያ ደም የመሰለው? እሱንም ማግኔት ነው ልትዪኝ ነው?»

«አዎ አባባ። ነጠብጣቡ ባለበት አካባቢ ፀሐይ አንዳንዴ ትፈነዳለች። የምትተፋው ብናኝ ወደ ምድር ሲመጣ፣ የምድር ማግኔት ይይዘውና ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ጫፍ ይገፋዋል። እዚያ፣ አውሮፕላን ከሚደርስበት እጅግ በላይ፣ አየሩን ሲመታው አየሩ ያበራል። የዋልታ ብርሃን ይሉታል። ዘንድሮ ስለበረታ ወትሮ በማይታይበት አገር ታየ። ሳተላይትና የመብራት መስመር ሊያውክ ይችላል፤ እሱን የሚጠብቁ ባለሙያዎች አሉ። መሬት ላይ ለቆመ ሰው ግን አየሩ ጋሻ ነው።»

«ትናንት ኔትወርኩ የጠፋውስ?»

«አቦ አባባ! የድሬ ኔትወርክ ፀሐይ ጤነኛ በሆነችበት ዓመትም ይጠፋል።»

እኔ ሳቄ አመለጠኝ። ሐጂ አልሳቁም። መቁጠሪያቸውን ጨብጠው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉ፦

«በ98ቱ ጎርፍ አንድ ሰው ከላይ እየጮኸ መጣ። ‹ደቻቱ ወንዝ ሞልቷል፣ ሽሹ!› እያለ። ሰፈሩ ሁሉ ሰካራም ነው አለ። ውሃው አያትሽን ከአልጋዋ ላይ ነው የወሰዳት። ከዚያ ወዲህ የሚጮህ ሁሉ፣ ሰካራምም ይሁን፣ እሰማዋለሁ ብዬ ምያለሁ። ሙስአብ ሚስቱን ለእኔ አደራ ሰጥቶ ነው የሄደው። አንቺ ብትሳሳቺ ደብተርሽን ታርሚያለሽ። እኔ ብሳሳት ሁለት ነፍስ እቀብራለሁ።»

ይህ የትምህርት ጥያቄ አልነበረም።

በዚህ መሃል ከውስጥ «የሺ... ውሃ» የሚል ድምፅ ሰማን። ሐጂን በጎን አልፌ ገባሁ። ጨለማው እንደ ምድጃ ፊቴን መታኝ። ፊልሳን መሬት ላይ ተኝታለች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ግንባሯን ስነካው እሳት ነው፤ የላብ ጠብታ ግን የለበትም። የግቢው ጄሪካን ፀሐይ አየው ተብሎ ስለተደፋ፣ ከጠዋት ጀምሮ ያገኘችው አንድ ብርጭቆ ውሃ ነው። እጄን ያዘችና ሆዷ ላይ አስቀመጠችው።

«ከጠዋት ጀምሮ አልገፋኝም» አለች።

ወጥቼ የሰማሁትን ስናገር የሐጂ ፊት አመድ መሰለ። «መርዙ ገባ! በየት ገባ?» ብለው ጨርቄን ሊነጥቁኝ ተነሱ።

ሉብና መሃል ገባች። «አባባ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ! ያ የጎርፉ ሰውዬ ውሃውን በዓይኑ አይቶ ነበር የጮኸው። ይህን የስልክ ወሬ የሚለው ማነው? ስሙ የለም። ያየውን አይናገርም። ያ ሰው ሽሹ አለ፤ ይኼኛው ተቀበሩ ነው የሚለን!»

ሐጂ ጨርቁን እንደያዙ ቆሙ። እኔም አፌን ከፈትኩ።

«ሐጂ፣ የምራት መኝታ ቤት መግባት ነውር ነው ብለው ከደጅ ሆነው ነው የሚጠብቋት። ልክ ነዎት፣ ደንቡ ነው። ዛሬ ግን ነውሩ በእኔ ይሁን። ይግቡና መቁጠሪያዎን አንድ ዙር ይጨርሱ። ከዚያ በኋላ ዝጊ ካሉኝ እዘጋለሁ።»

ብዙ አመነቱ። ጉሮሯቸውን አጥርተው፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ገቡ። እኔና ሉብና እጅ ለእጅ ተያይዘን ቀረን። እዚያው ተዝለፍልፈው ቢወድቁስ? ልጅቷ አሁን፣ በዚህች ደቂቃ፣ ብታልፍስ?

አንዱን ዙር አልጨረሱም። ሸሚዛቸው በላብ ረጥቦ፣ ግድግዳውን እየተደገፉ ወጡ።

«ያ ረቢ!» አሉ። «ጎርፉስ እዚህ ውስጥ ነው ያለው!»

ብርድ ልብሱን በገዛ እጃቸው ከነምስማሩ ነቀሉት። እኛ ፊልሳንን በእርጥብ ሻሽ ጠቅልለን፣ ውሃ በትንሽ በትንሹ እየሰጠን በባጃጅ ጤና ጣቢያ አደረስናት። አዋላጇ ነርስ ወዲያው ግሉኮስ ሰቀለችላት። ማዳመጫ መሣሪያዋን ሆዷ ላይ አድርጋ ወደ ግራ አዞረችው። ምንም። ወደ ታች ሳበችው። ምንም። ከመጋረጃው ወዲያ የሐጂ ዱዓ ተቋረጠ። ከዚያ የሚጋልብ ፈረስ የመሰለ ድምፅ ክፍሉን ሞላው።

«ልቡ ነው» አለች ነርሷ። «ውሃ ጥሟት ነው፤ ሙቀቱ ጎድቷታል። ትንሽ ብትዘገዩ...» ብላ ተወችው።

ሐጂ ኮሪደሩ ላይ መሬት ተቀምጠው አለቀሱ።

ፊልሳን ዓይኗን ስትገልጥ እኛ ወጥተን ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ኒም ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ሐጂ ሰማዩን ሳይሆን የልጅ ልጃቸውን እያዩ ጠየቁ።

«እሺ፣ መርዝ የለም። ሙቀቱስ? ድሬ ድሮም ትሞቃለች፤ እንዲህ ግን አልነበረም። ይህንንስ ነጠብጣቡ አይደለም ያመጣው?»

«ነጠብጣቡ ሲበዛ ፀሐይ ሙቀቷን ትጨምራለች፤ ግን ከሺህ ጭልፋ አንድ ጭልፋ ያህል ነው። ከዛሬ ሦስት መቶ ምናምን ዓመት በፊት ነጠብጣቡ ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ ነበር። ያኔ አውሮፓ በርዷል፤ የፀሐይ ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ግን ምሁራን ይከራከራሉ፤ የእሳተ ገሞራ አመድም ነበረበት። በዘመናችን ፀሐይን በሳተላይት እየለካናት ነው። አልበረታችም። ምድር ግን ሞቃለች።»

«ታዲያ ማን ነው?»

«ሰው ነው አባባ። ከፋብሪካውና ከመኪናው የሚወጣው ጭስ፣ የሚቆረጠው ደን። አብዛኛውን ያጨሱት ሀብታሞቹ አገሮች ናቸው፤ ሙቀቱ ግን እኛም ጋ ይደርሳል።»

ሐጂ መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

«የፀሐይ ቢሆን ይሻለኝ ነበር» አሉ። «ፀሐይን ማን ይመክራል ብዬ እተኛ ነበር። የሰው ነው ካልሽኝ ግን መነሳት አለብኝ።»

ተነሱም። ፊልሳን በዚያው ሳምንት ሴት ልጅ ወለደች። ሐጂ የክፍሎቻችንን ግድግዳ ከጣሪያው ሥር አስበስተው ነፋስ ማስገቢያ አስወጡ፤ ቆርቆሮውን ነጭ አስቀቡት፤ ደጃፉ ላይ ኒም ተከሉ። መስጊድ በር ላይ ሰው ሰብስበው፣ «እርጉዝ በሙቀት በር አይዘጋባት፣ ውሃ አይነፈጋት፤ ወሬ ሲመጣ ማን አየው በሉ፤ ያየ ሰው ሲጮህ ግን ከአልጋችሁ ዝለሉ» ይሉ ነበር። ሽማግሌ ሲሳሳት አይቻለሁ፤ መሳሳቱን በአደባባይ ሲናገር ያየሁት ግን እሳቸውን ነው። በቀጣዩ በጋ በእኛ መንደር በሙቀት ወድቆ ጤና ጣቢያ የተወሰደ ሕፃን አልሰማሁም።

ዛሬም ግንቦት ሲገባ እፈራለሁ። ሙቀቱ አልቀነሰም፤ እሳቸውም የሉም። አሁን ግን የምፈራውን አውቄ ነው የምፈራው። እንዲህ የፈራ ሰው ተዘግቶ አይቀመጥም፤ ውሃ ይቀዳል፣ ዛፍ ይተክላል፣ የጎረቤቱን በር ያንኳኳል።