የዘይነባ መርዶ

ጎረቤቴ ዘይነባ መሞቷን የነገረኝ መምህር ሰሎሞን ነው። ተማሪዎቹን አስከትሎ፣ አንገቱን ደፍቶ በሬ ላይ ደረሰና «የጀማል ለቅሶ ቤት የትኛው ነው?» አለኝ። ጀማል ከወግዲ መጥቶ፣ እዚህ መካነ ሰላም አክስቱ ዘይነባ ቤት ተቀምጦ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ሪሚዲያል የሚማር ልጅ ነው። «ኧረ ማን ሞቶ?» አልኩ። «አክስቱ እትዬ ዘይነባ።» በዚህ መንደር ሰው ሞቶ እኔ ሳልሰማ! ከሐዘኑ ንዴቱ ባሰብኝ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ «ወይኔ እህቴን!» እያልኩ ከፊታቸው ሮጬ ግቢዋ ገባሁ። ዘይነባ በረንዳ ላይ ቁጭ ብላ ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች። «ያ አላህ! ማን ሞተብሽ?» ብላ ደረቷን ያዘች። «አንቺ ነሻ!» አልኳት።

ጀማል ጓዳ ገብቶ ተሸሸገ። ለካ ኳስ ሜዳ እየዋለ ከክፍል ሲቀር ከርሞ፣ ብዙ የቀረ አይፈተንም ሲባል፣ ለቤተሰብ ለቅሶ የቀረ ግን ይፈቀድለታል ብለውት አክስቱን ገድሏት ኖሯል። መምህሩ ለቅሶ ይደርሳል ብሎ መች አሰበ! ዘይነባ ሁሉን ሰምታ «እኔ ብሞት ኖሮ ይፈተን ነበር?» አለች።

«አዎን፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ለፈተናው ያህል እንደሞትኩ ይቁጠሩልኝ።»

መምህሩ ሳቁ አመለጠው። «እሺ፣ ከዛሬ ጀምሮ ካልቀረ ይፈተናል። አለመቅረቱን ግን ማን ይቆጣጠርልኛል?»

«ሟቿ!» አለች።

ጠዋት ጠዋት እስከ ክፍሉ በር እየሸኘች አስፈተነችው። ጀማል አልፎ አንደኛ ዓመት ገባ። መምህር ሰሎሞን ዛሬም ያስተምራል፤ ለቅሶ ሲነገረው መጀመሪያ እኔን ይጠይቃል። ዘይነባ ደህና ናት።