ትሉ ነጭ ነበር

— ሄሎ... አዎ፣ ሠናይት ነኝ። ቆይ ዓይናለም፣ የወጥ ቤቱን በር ልዝጋው... እሺ፣ አሁን ትሰሚኛለሽ?

— አውቃለሁ፣ እስከ ስድስት ሰዓት መልስ ትስጠኝ ብላለች አከራይዋ ሴትዮ። ገና ግማሽ ሰዓት አለኝ።

— እንዴት አልፈልገውም? ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ሰፈር፣ የራሴ ክፍል፣ የራሴ ቁልፍ፣ ማታ ወጥቼ የምሄድበት አዲስ ሥራ። ስድስት ዓመት ፊሳ ሆኜ እዚሁ ስሠራ እዚሁ ሳድር፣ ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ብቻ ስወጣ... ይኼን ለእኔ ትነግሪኛለሽ?

— ሽማግሌው ናቸው የያዙኝ። ፕሮፌሶሬ... አይ፣ አልታመሙም። ትል ነው።

— ትል አልኩሽ። አትሳቂ።

— አሎራ፣ ስሚኝ። ግቢው ውስጥ ቤቱላ አለ አይደል፣ ያ ግንዱ ነጭ የሆነው ዛፍ? ቅጠሉ ላይ ቡናማ ቡናማ ጠባሳ አወጣ። ትል ገብቶበት ነው። ከላይኛውና ከታችኛው ቆዳ መሀል ሆኖ ቅጠሉን ከውስጥ እየቦረቦረ ይበላል። ሲያድግ የእሳት እራት ይሆናል፣ የሩዝ ፍሬ የምታክል። እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን እነዚህን ሲያጠኑ ነው የኖሩት። ዓይናቸው ከጠፋ አራት ዓመት ሆነ። እሳቸው ይጠይቃሉ፣ እኔ በማጉያው እያየሁ እመልሳለሁ።

— እሱ ላይ ነው ጉዱ። ባለፈው ሰኞ ቅጠሉን ሰነጠቅሁና ትሉን አወጣሁት። «ግራጫ ነው፣ አይደለም እንዴ ሠናይት?» አሉኝ። የዘመዶቹ ሁሉ ትል ነጭ ነው፤ ግራጫው አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ እዚህ አግኝተውት አያውቁም። ፊታቸው እንዴት እንደበራ ብታዪ... «ሲ ፕሮፌሶሬ፣ ግራጫ ነው» አልኳቸው።

— ኧረ ነጭ ነው! ወተት የመሰለ።

— ምን ላድርግ? የሰማንያ ዘጠኝ ዓመት ሽማግሌ አፍ ላይ «አይደለም» ብዬ ልመልስ? እኛ ቤት ታላቅ ሲናገር እሺ ነው የሚባለው። አንቺስ ብትሆኚ?

— ነገሩማ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ሆነ። እሳቸው እየነገሩኝ በገዛ እጄ ጻፍኩት፣ ዩኒቨርሲቲ ላለ ሰው ተላከ። ሰውየው ዛሬ ዐሥር ሰዓት ላይ ሊያየው ይመጣል። መጥቶ ነጭ ትል ሲያይ «ሽማግሌው ቃዡ» ነው የሚለው። አፍረው ይሞታሉ።

— ጥዬ ልውጣ? ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ሊያልፍብኝ ሲል ኩዌስቱራ፣ ፖሊሶቹ ቢሮ በር ላይ በዚያ ብርድ አብረውኝ የተሰለፉት እኮ እሳቸው ናቸው። ልጃቸው ሚላኖ ነው፣ ለገና ይደውላል። ልሂድ ስል ውለታቸው ይይዘኛል፣ ልቀመጥ ስል ግድግዳው ያፍነኛል።

— ልንገራቸው?... ነግሬ፣ ይቅርታ ጠይቄ፣ ሻንጣዬን ይዤ ልውጣ? እሱስ ደህና ነው። ቫ ቤኔ። ግን እንዳትዘጊ። አንቺ መስመር ላይ ከሌለሽ አልነግራቸውም።

— ፕሮፌሶሬ... ራዲዮውን አንዴ ልቀንሰው። የሰኞው ትል ግራጫ አይደለም፣ ነጭ ነው... እርግጠኛ ነኝ... አይ፣ ያኔም አይቼዋለሁ። ደስ ብሎዎት ስለነበር ነው... ሌላ ጊዜም? እንጃ... አላስታውስም፣ ፕሮፌሶሬ። «አይደለም እንዴ» ብለው ከጠየቁኝ፣ አዎ ነው የምለው።

— ሄሎ... አለሁ። ቆይ ልቀመጥ።

— አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ለሰውየው ደውለው «ተሳስቻለሁ፣ አትምጣ» አሉት። በእኔ አላሳበቡም፣ ስሜንም አላነሱት።

— ቆይ፣ አላለቀም። ከዚያ ቁም ሣጥኑን ክፈቺው አሉኝ። ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ በእኔ ዓይን የለዩት ሁሉ እዚያ ነው፣ የአራት ዓመት ሥራ። አርባ ሁለት ሣጥን የእሳት እራት፣ ሁሉም ላይ ስሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የቱ ያየሁት ነው፣ የቱ እሺ ያልኩት ነው፣ እኔም አላውቀውም። «ከአንደኛው ሣጥን እንጀምራለን» አሉ። «ከእንግዲህ እኔ ዝም እላለሁ፣ አንቺ ያየሽውን ትነግሪኛለሽ።»

— እንዴት በተመላላሽ? አዲሱ ሥራ ከጧት እስከ ማታ አይደል?

— ሌላ ሰው ይቅጠሩ ትያለሽ... ያበላሸሁት እኔ፣ የሚያቃናው ሌላ? ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩትን ነው እኮ ያቆሸሽኩባቸው።

— አንዱ ሣጥን ሦስት ሳምንት ይፈጃል። አስቢው እንግዲህ። እስከዚያ ይኖሩ እንደሆነ እንኳ...

— አላለቀስኩም... እሺ፣ አልቅሻለሁ። ለሴትዮዋ ይቅርታ በያት። ክፍሉን ለአብረኸት ስጧት፣ እሷም ሰው ቤት ወለል ላይ ነው የምትተኛው። ግን ዛሬውኑ ትግባ፣ ዓይናለም። ነገ ባዶ ነው ካልሽኝ እመጣለሁ።

— መጣሁ ፕሮፌሶሬ፣ መጣሁ... በቃ ዝጊው። እኔ መዝጋት አቅቶኛል።